በመዳፍ የተቀመሰ ብርዝ

በእኛ አገር መጠጥ የሚያቀብል ሰው አስቀድሞ ጥቂት በመዳፉ አንጠብጥቦ ይቀምሳል። «ክፉ ነገር ካለበት እኔ ልቅደም» ማለት ነው። ቃሉን ግን ማንም አይናገረውም። ልማድ ነውና ቀማሹም ሐሳቡ ሌላ ዘንድ ነው፤ ተቀባዩም አያየውም። እኔም እኅቴ ባሏን መርዛለች ተብላ እስክትታማ ድረስ ይህን ነገር አስቤበት አላውቅም ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ ገና ሚስት ያላገባሁ ጎልማሳ ነበርሁ። የተወለድነው ስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ነው። እኅቴ ጋይንት፣ ከቤተ ልሔም ማዶ ካለ መንደር ተዳረች። ባሏ መሬት የበዛላቸው ሰው ነበሩና እኔም ላርስላቸው ተከትያት ሄድሁ። አያ ነበር የምላቸው።

አያ እኅቴን ሲያገቧት ቀጭንና ብርቱ ነበሩ። ሞፈር ተሸክመው ዳገት ሲወጡ እኔ ባዶ እጄን አልደርስባቸውም። በኋላ አጥቢያ ዳኛ ተደረጉ። ዳኛ ደግሞ አያርስም፤ በእግሩም አይሄድም። ጠዋት በበቅሎ ወጥተው ከወይራው ሥር ተቀምጠው ሲያከራክሩ ይውላሉ። ከዚያ አንዱ ለክርስትና፣ አንዱ ለተዝካር ይጠራቸዋል። ማሩ፣ ቅቤው፣ ጠጁ ከፊታቸው አይጠፋም። ጥቂት ዓመት እንዲህ እንደሆነ ሆዳቸው ገፋ፤ መቀነታቸው አልደርስ አለ። የመንደሩ ሰው «ደላቸው! እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው» ይላል። እኛም የቤቱ ሰዎች ኮራን። ውፍረት በሽታ ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አንድ ሰው አልነበረም። በሌላው ሁሉ ስንጠራጠር በዚህ ግን አልተጠራጠርንም።

አንድ ክረምት ውሃ ጥም ያዛቸው። ጋኑ አይበቃቸውም። የጠጡትን ለማፍሰስ ሲወጡ ሲገቡ ያድራሉ። እግራቸው ላይ የወጣች ቡግንጅ አልደርቅ አለች። ከዚያ መክሳት ጀመሩ። ከበፊቱ ይልቅ ይበላሉ፤ ግን ይከሳሉ። በእኛ አገር እየበላ የሚከሳ ሰው ምክንያቱ አንድ ነው፤ አንድ ሰው እጁን አስገብቷል።

የማን እጅ? ይህን ያነሣው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ሚስቱ የሞተችበት፣ ቀፎ የበዛለት፣ እርሻውን ትቶ ማሩን እየበላ ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። በዕድሜ ከኔ ብዙም አይበልጥምና አንተ እንባባላለን።

«የስማዳ ሴት ሥር ታውቃለች» አለ አንድ ቀን በማኅበር ላይ። እንዲያው እንደ ቀልድ አድርጎ ነው ያለው። ሰውም እንደ ቀልድ ሳቀ። በማግሥቱ ግን እኅቴ ወደ ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ ብድግ ብድግ አደረጉ።

ወንድምየው ከዚያን ቀን ጀምሮ የእኅቴን እህል ውሃ እርም አለ። ደጃችን ይቆማል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። አያም አፍ አውጥተው ባይናገሩም ዓይናቸው ተለወጠ። እኅቴ ጠላ ስታቀርብ መዳፏን ያያሉ። ስትቀምስ ጉሮሮዋን ያያሉ፤ ዋጠችው ወይስ በአፏ ያዘችው ብለው ነው።

«ጨምሪበት» ይሏታል።

ደግማ ትቀምሳለች።

«ከሥሩም።»

ታማስልና ከሥሩም ትቀምሳለች። እኔ ከምድጃው ማዶ ተቀምጬ ጅራፍ እየገመድሁ አንገቴን እደፋለሁ። የሰው ቤት ነው፤ ምን እላለሁ?

ነገሩ ደግሞ የጥርጣሬውን መንገድ ተከትሎ የሚሄድ ይመስል ነበር። ሁዳዴ ገባ። አያ ጾም አጥባቂ ናቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፣ ጠጁንም ማሩንም ይተዋሉ። ሳምንት በሳምንት ላይ ሲጨመር ጥሙ ቀለል አለላቸው። ፋሲካ ሆነና ቅቤው ሲቀልጥ፣ ጠጁ ሲቀዳ፣ ማሩ ሲቀርብ ሕመሙ ተመለሰ። ወንድምየው ይህን ሲሰማ እጁን አጨበጨበ። «አላልኋችሁም? በጾም ቅቤ አትነካ፣ ጠጅ አታቀርብ፤ መርዙን የምታገባበት አጣች!» አለ።

ከዚህ በኋላ አያ ጠጅም ጠላም ከቤታቸው መጠጣት ተዉ። ጌሾ ያለበት ነገር ሥሩን ይደብቃል አሉ። ወንድምየው ከራሱ ቀፎ የቆረጠውን ነጭ ማር ያመጣል፤ ደጃፉ ላይ በዓይናቸው ፊት በውሃ ይበጠብጥና ብርዝ አድርጎ ያጠጣቸዋል። «ይኸ ንጹሕ ነው፤ የማንም እጅ የለበትም» ይላቸዋል። በቅል በቅል ይጠጣሉ። ጠጥተው እንደገና ይጠማሉ። ሲጠሙ እንደገና ይበጠብጥላቸዋል። ሲከሱ «ማር ጉልበት ነው» ብሎ ይጨምራል።

እሱ እኅቴን ሲጠረጥር፣ እኔ ደግሞ እሱን እጠረጥር ነበር። አያ ወንድ ልጅ የላቸውም፤ ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው። እኅቴ ከቤቱ ብትወጣ መሬቱ ወደ ማን ይሄዳል? አንድ ቀን ማሰሮውን ደጅ አስቀምጦ ዞር ሲል ጣቴን ነክሬ ላስሁት። ማር ነው። እጅግ ጥሩ ማር። ከፋኝ፤ ክፉ ነገር ባገኝበት ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ የጉንዳኑ ነገር መጣ። ወንድምየው ጠርቶ ከአጥሩ ኋላ ወሰደኝ።

«ና እስቲ እይ፣ አንተ የስማዳ ሰው!»

«ምኑን?»

«ጉንዳኑን ነዋ! ወንድሜ ውሃ ሽንቱን በሸናበት ሁሉ ጉንዳን ይሰበሰባል። ይኸ ድግምት ካልሆነ ምን ይባላል? የኔ ላይ ለምን አይሰበሰብም?»

«ያንተንማ ማን ደፍሮ» አልሁት።

አልሳቀም። ዓይኑ እንባ ነበረበት። ያኔ ግራ ገባኝ፤ መሬት የሚመኝ ሰው እንዲህ ያለቅሳል? ወይስ አልቅሶ ነው የሚያሳምን? እያልሁ ስጠረጥረው ዋልሁ።

ጉንዳኑን የመንደሩ ሰው ሁሉ መጥቶ አየ። ነገሩም ወደ ሽማግሌ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ እኅቴ ለጊዮርጊስ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆማ ትማል አሉ። ካልማለች ልብሷን ይዛ ወደ ስማዳ ትመለስ፤ ልጆቹ ግን አይከተሏትም።

እኅቴ እስከዚያ ዝም ብላ ነበር። ያን ጊዜ ግን ነጠላዋን አደግድጋ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች።

«እምላለሁ፤ መሐላ አልፈራም። ግን ምዬ እሳቸው ቢሞቱ መሐላው ያዛት ትላላችሁ። ምዬ ቢድኑ ደግሞ ማርከሻውን ሰጠቻቸው ትላላችሁ። እኔ ከናንተ አፍ በምን ልውጣ? ነገ ሴቶች ልጆቼን፣ የመርዘኛ ልጆች ሲባሉ፣ የሚያገባቸው ማን ነው?»

የአያ የነፍስ አባት፣ ቄሱ፣ ከዳር ተቀምጠው ነበር። «መሐላ መጫወቻ አይደለም» አሉ። «እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ላይ ሐኪም መጥቷል ይባላል። መጀመሪያ እሱ ይያቸው። መሐላው አይሸሽም።»

አያ ተስማሙ። ለመዳን ብለው አይመስለኝም። ዳኛ ናቸውና ምስክር ፈለጉ፤ ሐኪሙ መርዝ መሆኑን በቃሉ እንዲመሰክርላቸው ነው። እኅቴ «እኔም እሄዳለሁ» አለች። ወንድምየው «እንግዲያው እኔም፤ በመንገድ ማን ይጠብቀዋል?» አለ። አራታችን ተነሣን፤ አያ በበቅሎ፣ እኛ በእግር። ወንድምየው የአያን ስንቅ ለብቻው ቋጥሮ፣ ብርዙን በቅል ሞልቶ ከብብቱ አላወጣውም። እኅቴ ወደ በቅሎዋ ጠጋ ካለች መሐል ይገባል። ባደርንበት ቤት የስንቁን ከረጢት ተንተርሶ ተኛ።

ሐኪሙ እንደ እኛው ሐበሻ፣ ቀጠን ያለ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነበር። ሥራው ድሬሰር ይባላል፤ እኛ ግን መድኃኒት የሚሰጠውን ሁሉ ሐኪም ነው የምንለው። የአያን ጥም፣ መክሳት፣ የእግራቸውን ቁስል ሰማ። ጉንዳኑን ሲሰማ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ሽንታቸውን በጠርሙስ እንዲያመጡ ለመነ። አያ ተቆጡ፤ ዳኛ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? በመጨረሻ አመጡ።

በጠባብ ብርጭቆ ሰማያዊ ውሃ ነበረው። ከሽንቱ ጥቂት ጠብ አድርጎ በኩራዝ አፈላው። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ጡብ ቀላ።

«ይኸውና መርዙ!» አለ ወንድምየው።

«መርዝ አይደለም፤ ስኳር ነው» አለ ሐኪሙ።

«ስኳር እዚህ ምን ያደርጋል? እኛ ቤት ስኳር የለም። ዱቄት ብለሽ ነው ያገባሽው?» ብሎ ወደ እኅቴ ዞረ።

«እኔ እሳቸው የቀመሱትን ሁሉ እየቀመስሁ ነው የኖርሁት» አለች እኅቴ። «የኔንም ይዩልኝ።»

ታየ። ሰማያዊው ፈላ፣ ፈላ፤ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ።

«ማርከሻ ጠጥታለች» አለ ወንድምየው።

የኔም ታየ፤ ሰማያዊ።

«ወንድሟ አይደል? ማርከሻውን አብረው ነው የሚጠጡት» አለ። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ «የኔን እይ! እኔ ከመስከረም ወዲህ የሷን እህል ውሃ አልቀመስሁም። ንጹሕ ሰው ምን እንደሚመስል አሳያቸው» ብሎ ጠርሙሱን ይዞ ወጣ።

ሐኪሙ አፈላው። ሁላችን አጎንብሰን እናያለን። ሰማያዊው ደፈረሰ። አረንጓዴ ሆነ። ወደ ቢጫ ዘንበል ብሎ ቆመ።

ሐኪሙ ወደ ወንድምየው ዞረ። «ማን ነው የሚጠምቅልህ?»

«እኔው ራሴ።»

«እህሉንስ?»

«እኔው።» ቅሉን በብብቱ ጠበቅ አደረገ። «ማሩንም እኔው ነኝ የምቆርጠው።»

አያ ግን ዳኛ ናቸው፤ እንዲህ በቀላሉ አይረቱም። «ውሃህ ማቅለሚያ ያለበት እንደሆነስ?» ብለው ሐኪሙን ያከራክሩት ጀመር። የምንጭ ውሃ በገዛ እጃቸው ጨምረው አፈሉ፤ ሰማያዊ ቀረ። ዞር ዞር ብለው ከወንድማቸው ብብት ቅሉን ወሰዱና ከብርዙ ጠብ አደረጉ። ገና ሲሞቅ እንደ ጡብ ቀላ። ከራሳቸው ጋር ቁርጥ አንድ ቀለም።

ወንድምየው መሬት ላይ ተቀመጠ። «ታዲያ የገደልሁት እኔ ነኝ?» አለ። ያን ጊዜ ነው እኔ ጥርጣሬዬን ከሱ ላይ ያነሣሁት። የመሬት ሰው አልነበረም፤ ወንድሙን የሚወድ ሰው ነበር።

«አንተም አልገደልኻቸውም» አለው ሐኪሙ። «ማርም ለሚሠራ ሰው ክፉ አይደለም። ስማ፤ የበላነው እህል በደም ውስጥ ስኳር ሆኖ ይዞራል። ሥጋችን ተቀብሎ ጉልበት ያደርገዋል። ከጨጓራ ሥር አንዲት ዕጢ አለች፤ ከሷ የሚወጣው ቅመም ነው ሥጋን ተቀበል ብሎ የሚያዘው። ሥጋ ሥራ ሲፈታና ስብ ሲበዛበት ትእዛዙን አልሰማ ይላል። ዕጢዋ አብልጣ ታዛለች፤ አሁንም አይሰማም። ኋላ ትደክማለች። ስኳሩ ከደም ሞልቶ በሽንት ይፈሳል።»

አያ ፊታቸውን ቋጠሩ። እኔ ግን ነገሩ በሌላ በኩል ገባኝ።

«አያ፣ ያ ዳለቻ ሰንጋ ትዝ ይልዎታል?» አልኋቸው። ለፋሲካ ብለን ደጅ አስረን ያደለብነው በሬ ነበር። ከጥማዱ አንዱ ቢሞትብኝ ሳይታረድ ወደ ቀንበር መለስሁት። ስብ ሸፍኖት ጅራፍ አይሰማም። አንድ ጊዜ ሳጮህለት ይሄድ የነበረው በሬ፣ ስመታው ስመታው ቆሞ ያየኛል፤ በመጨረሻ ክንዴ ዛለ።

«አስታውሳለሁ» አሉ አያ። «ኋላ ምን አደረግኸው?»

«መኖውን ቀነስሁና በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አስኬድሁት። ስቡ ሲቀልጥ ጅራፉን ሰማ።»

«እሱ ነው! እሱ ነው!» አለ ሐኪሙ፤ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ።

አያ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲያው እኔ ሰንጋ ነኛ?» አሉ።

እኅቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ወስዳ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ዓመት ሊሞላ ነበር።

ሐኪሙ ለአያ ክኒን ሰጣቸው። የርስዎ ከርሟል፤ ክኒኑን ሳያቋርጡ እየተመላለሱ ይታዩ፣ ቁስሉን ይጠብቁ፣ ብርዙንና ጠጁን ይተዉ፣ ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ጎመኑን በልክ ይብሉ፣ በእግርዎ ይሂዱ አላቸው። ወንድምየውን ደግሞ «ያንተ ገና ጅምር ነው። ሳይጠማህ፣ ሳትከሳ ነው ያገኘንህ። ዛሬ ከተነሣህ ልትመልሰው ትችላለህ» አለው። በመልሱ መንገድ ላይ ወንድምየው ወደ ቁጥቋጦ ገባ ባለ ቁጥር ቶሎ አይወጣም። አንድ ጊዜ ምን ሆነ ብዬ ሄድሁ፤ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ያያል።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ጉንዳን» አለኝ። «እስካሁን አልመጣም።»

«አሁንም አልደፈሩህም ማለት ነው» አልሁት። አሁን ሳቀ።

ያን ዘመን የሐኪሙን ነገር ለሰው ስነግር የሚያምነኝ አልነበረም። ዛሬ ጤና ጣቢያ የሚሠሩት ልጆች ያን ቅመም ኢንሱሊን ይሉታል፤ ሥጋ አልሰማ ማለቱንም በሌላ ስም ይጠሩታል። ለኔ ያው ሰንጋው ነው። እርጅና ከገባኝ ወዲህም ጠዋት ጠዋት እስከ ማዶው ወንዝ ደርሼ እመለሳለሁ። ሻይ ሲያቀርቡልኝ ከሥሩ የተኛ ስኳር እንዳለ አዘንብዬ አያለሁ። ልጆቹ «አባባ ማንን ነው የሚጠረጥሩት?» ይሉኛል። ስኳሩን ነው፤ ሰው መጠርጠሩንማ ጠገብሁት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የጊዮርጊስ ዕለት ደረሰና ሰው ሁሉ መሐላውን ሊያይ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰበሰበ። አያ ከመንደሩ እስከዚያ በእግራቸው ነው የመጡት። ዳኛ በእግሩ መጣ እንዳይባል ግን በቅሎዋ ሙሉ ኮርቻዋ ተጭና ከፊታቸው ትሳባለች። አንዱ «በቅሎዋ ዳኛ ሆነች እንዴ?» አለ፤ ሰው ሳቀ። አያም ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉ። ሲደርሱ ላብ አጥምቋቸዋል።

«መሐላ አያስፈልግም» አሉ። «በሽታ ነው። ስኳር ይባላል።» ወንድምየውም ተነሥቶ «እኔ ነኝ የተሳሳትሁት፤ እኔም አለብኝ» አለ።

ሰው ግን አላመነም። ማጉረምረሙ ተጀመረ። አንዲት ሴት «ሁለቱንም ነዋ የመረዘቻቸው!» ስትል ሰማሁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የእኅቴ ሴቶች ልጆች ቀሚሷን ይዘው ቆመዋል።

ያን ጊዜ እኅቴ ከምንጩ ያስቀዳችውን ውሃ በዋንጫ ቀድታ ወደ አያ ሄደች። ሁላችን መዳፏን ጠበቅን። መዳፏን አልዘረጋችም። አልቀመሰችም። ዋንጫውን እንዳለ፣ ሙሉውን፣ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም። ኋላ የቆመው ሰው ለማየት ተንጠራራ።

አያ ዋንጫውን ተቀበሉ። ጎንበስ ብለው ውስጡን አዩ። አየት አድርገው ብቻ አይደለም፤ እስከ ሥሩ አዩት። አልቀረላቸውም፣ ዛሬም ይጠረጥሯታል አልሁ።

«ምን ያያሉ?» አለቻቸው እኅቴ ቀስ ብላ።

«ይኸ ወንድሜ ማር ጨምሮበት እንዳይሆን ብዬ ነው» አሉ፤ ጭልጥም አደረጉት።

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። ከዚያ ሌላው ተከተለ። ያቺ ሴት ግን አልሳቀችም፤ አያ መቼ እንደሚወድቁ እያየች ብዙ ቆመች።

አያ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሩ፤ አንድ ጣታቸውን በዚያ ቁስል አጥተዋል። ወንድምየው እርሻውን እንደገና ያዘ፣ ማሩን ገበያ ወስዶ ይሸጠው ጀመር፣ ጥሙም አልያዘውም። እኅቴ ለእንግዳ ሁሉ እንደ ልማዱ በመዳፏ ትቀምሳለች። ለባሏ ግን እስከ መጨረሻው አልቀመሰችላቸውም። እሳቸውም ሁልጊዜ ዋንጫውን እስከ ሥሩ አይተው፣ ከዚያ ይጠጣሉ።